አባቴ የደረቡት ጃኬት

ጃኬቱ የወንድሜ ነበር። ቀለሙ የተቆላ ገብስ የሚመስል፣ የቆዳው የውስጥ ፊት ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ እጅ ሲያልፍበት እንደ ጥጃ ጆሮ የሚለሰልስ ስዌድ ጃኬት። የሰጡት አንድ አዛውንት እንግዳ ናቸው። ወንድሜ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ ሰውየውን ወደ አሸተን ማርያም ይዟቸው ወጥቶ ነበር። ዳገቱ መሃል ላይ ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው በቅሎ እስኪመጣ ድረስ ደግፎ አቆያቸው፤ ውሃ እያጠጣ፣ እያጫወተ አደረሳቸው። ሊሄዱ ሲሉ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጃኬታቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለት። ከሻንጣቸው ትንሽ ብሩሽ አወጡና እንዴት እንደሚያዝም እዚያው ቆመው አሳዩት። ውሃ አይንካው፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ሲቦረሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሁን።

ወንድሜ ምክሩን እንደ ትእዛዝ ያዘው። ከሥራ ሲመለስ ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ጃኬቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይቦርሻል። የሚያልፉ ጎረቤቶች «በቅሎህን አበጠርካት?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም «ገና ጅራቷ ቀርቷል» ብሎ ይመልስላቸዋል። ያን ጃኬት ለብሶ ሲወጣ ቁመቱ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ልክ ለእሱ የተሰፋ ነበር የሚመስለው።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የሚያገለግሉት በነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወንድሜን ገና በልጅነቱ ዜማ ቤት አስገብተውት ነበር፤ መምህሩም ድምፁን ይወዱለት ነበር። እሱ ግን አደግ ሲል ዜማውን ትቶ ቋንቋ ተማረ፤ አስጎብኚ ሆነ። አባቴ አልተቆጡም፤ አልመረቁምም። ዝም አሉ። የአባቴ ዝምታ ከማንም ቁጣ ይከብዳል። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መሃል የቀረው ንግግር «እንዴት አደሩ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ሆነ። ጃኬቱን ለብሶ የመጣ ዕለት እንኳ አባቴ ቀና ብለው አዩትና፣

«ይሞቃል?» አሉት።

«ይሞቃል አባዬ።»

በዚያው አለቀ።

ከዚያ መጀመሪያ ዓለሙን ሁሉ ቤት ያስቀመጠው ወረርሽኝ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። እንግዳ የሚባል ከከተማችን ጠፋ። እኔ በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የምሠራበት ሆቴል አንሶላዎቹን አጣጥፎ ተዘጋ። ወንድሜ ሰላም ከሆነም በኋላ እንግዶቹ ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያለ ቆየ። አልመጡም። አንድ ማለዳ አነስተኛ ቦርሳ አንግቶ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነሣ። ጃኬቱን ግድግዳው ላይ ካለው ችንካር ሲሰቅለው አይቼ፣

«ይኸን ጥለህ? እዚያም እኮ ይበርዳል» አልሁት።

«ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ሰው እንዲህ አጊጦ ከታየ ማን ሥራ ይሰጠዋል?» አለኝ። «አልፎ አልፎ ቦርሽልኝ። እማዬ በእንዶድ እንዳታጥበው ብቻ።»

ብዙም ሳይቆይ ደውሎ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርሁ አለን። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው። በደወለ ቁጥር ስለ ሆቴሉ ትጠይቀዋለች፤ እሱም አሳንሰሩን፣ ምንጣፉን፣ የሚመጡትን እንግዶች ይተርክላታል። እሷ እየሳቀች ትሰማዋለች። አባቴ ስልኩን ሲቀበሉ «ደኅና ነህ?» ይላሉ፤ «ደኅና ነኝ» ሲላቸው ለእናቴ ይመልሱላታል።

ክረምቱ ሲገባ፣ ጭጋጉ ግቢያችን ድረስ በወረደበት በአንድ የሐምሌ ማለዳ፣ አባቴ ወደ ዋሻው ሊሄዱ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ ሳለ ቆም አሉ። ችንካሩን አዩት። ጃኬቱን አውርደው ከቀሚሳቸው በላይ ደረቡት፤ ጋቢውን መልሰው ተከናንበው ወጡ። እጅጌው ጣታቸው ድረስ ይደርስ ነበር። እናቴና እኔ ተያየን።

«ወይ ጉድ! ቄሱ ፈረንጅ ሆኑ» አለች እናቴ፤ ሳቅንም። ሳቋ ግን አልቆየም። ጓሮ ወጥታ ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃኬቱ ከአባቴ አልተለየም። የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ጣሪያው ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል፤ ከሥሩ የተቀመጡት ጎድጎድ ብለው የተጠረቡ ድንጋዮች ጠብታውን ይቀበሉታል፤ ምእመናን ጠበል ብለው ይጠጡታል። የሚያጠጧቸው አባቴ ናቸው። ጎንበስ ባሉ ቁጥር ጠብታው ትከሻቸው ላይ ያርፋል። የጧፉ ሰም ደግሞ እጅጌው ላይ ይንጠባጠባል። ሲመለሱ ጃኬቱን እቀበላቸውና እቦርሸዋለሁ፤ በማግሥቱ ሌላ ጠብታ፣ ሌላ ሰም ይዞ ይመጣል።

«አባዬ፣ ይኼ ልብስ ውሃ አይወድም እኮ» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ውሃ አይደለም ልጄ፤ ጠበል ነው» አሉኝ ሳቅ ብለው።

እኔም መከልከሉን ተውሁት። ጃኬቱን ለብርዱ ብለው ብቻ እንዳልደረቡት ገብቶኝ ነበር።

የገና ጾም ከገባ በኋላ ወንድሜ ደወለ። ለበዓሉ እመጣለሁ አለ። እናቴ ስልኩን እንደያዘች እልል አለች። አባቴ ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው ጃኬቱን አወለቁና በሩ ላይ ቆመው ወደ ብርሃኑ ዘረጉት። ያን ጊዜ እኔም እንደ አዲስ አየሁት። ኮሌታው ከአንገት ወዝ የተነሣ ጠቁሮ እንደ ጫማ ያብለጨልጫል። እጅጌው ላይ የሰም ነጠብጣብ ተደርድሯል። ትከሻው ላይ ጠብታው ሲደርቅ የተወው ክብ ክብ ምልክት፣ ክቡ በክቡ ላይ ተደራርቧል።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ይለቃል?» አሉኝ።

«እንሞክራለን አባዬ።»

«አምኖ ሰቅሎት ሄደ። እኔ እንዲህ አድርጌ ልቆየው?»

«እሱ እንደሆነ አይቆጣም።»

«ባይቆጣ ነው የሚከፋው» አሉ።

እናቴ እንዶዱን ልትወቅጥ ተነሣች። «አንዴ ዘፍዝፌ ላሽት፤ ይነጣላችኋል!» ስትል እኔና አባቴ በአንድ ድምፅ «አይሆንም!» አልናት። «ምን ዓይነት ልብስ ነው ውሃ የማይነካው? ያልተጠመቀ ነው እንዴ?» ብላ እያጉረመረመች ሄደች።

ሥራውን የጀመርነው ግቢያችን ውስጥ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ነው። ሆቴሉ በከፊል ተከፍቶ እኔም ወደ ሥራዬ ተመልሼ ስለነበር፣ የምንሠራው ጠዋት ከመውጣቴ በፊትና ከመጣሁ በኋላ ነው። በመጀመሪያ አቧራውን በእጄ መታ መታ እያደረግሁ አራገፍሁት፤ ከዚያ በብሩሹ ከላይ ወደ ታች ቦረሽሁት። ሰሙን ለማለዳ አቆየነው። የእኛ አገር የታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ ስለት ነው፤ ሰሙ እንደ ብርጭቆ ደርቆ በጥፍር ሲነካ እየተሰበረ ይረግፋል። ሰርጎ የገባው ሲቀር ከላዩ ወረቀት አነጠፍሁና ለብ ያለ የከሰል ካውያ አሳረፍሁበት። አባቴ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙልኝ። ሰሙ እየቀለጠ ወደ ወረቀቱ ሲወጣ ግቢው ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ።

ለኮሌታው የገብስ ዱቄት በጨርቅ ነፍቼ አመጣሁ። ዱቄት ቅባት ይስባል፤ ሆቴል ውስጥ የሐር ልብስ ላይ ዘይት ሲፈስ እንዲሁ ነው የምናደርገው።

«ገብሱን ለጃኬት?» አሉ አባቴ።

«ይብላ እንግዲህ፤ ብዙ አገልግሎዎት የለም?»

ሳቁ። ዱቄቱን ኮሌታው ላይ ጫን ጫን አድርጌ ነስንሼ አሳደርሁት። በማግሥቱ ሲራገፍ ዱቄቱ ወይቦ ነበር፤ ኮሌታው ግን ገለጥ ብሏል። የቀረውን ብልጭልጭታ በላጲስ ማሸት ነበረብኝ። ከሱቅ የተማሪ ላጲስ ገዝቼ ጥቂት እንዳሸሁ አባቴ ከእጄ ወሰዱት።

«ይኼም ቆዳ ነው» አሉ። «ብራና ሲለሰልስ ብዙ አይቻለሁ። ኃይል አይፈልግም፤ መመላለስ ነው የሚፈልገው።»

እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና ኮሌታውን በላጲስ ያሹ ጀመር፤ ጥቂት ያሻሉ፣ እፍ ይላሉ፣ ደግመው ያሻሉ። እኔ እጅጌውን እቦርሻለሁ። ፀጥታው ደስ ይላል። እንዲያ እንዳለን፣ እጃቸውን ሳያቆሙ፣

«ድምፁን ታስታውሺዋለሽ?» አሉኝ።

«የማንን?»

«የወንድምሽን። ዜማ ቤት እያለ ማለዳ ወደ ዋሻው ስሄድ ድምፁ ከሩቅ ይመጣልኝ ነበር። ከልጆቹ መሃል እለየዋለሁ። ቆሜ እሰማው ነበር፤ እሱ አያውቅም።»

ብሩሹን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ።

«ዜማውን ሲተው የተቆጣሁ መስሎት ነው። አልተቆጣሁም። ድምፁ ነው የናፈቀኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም አባዬ?»

«ምን ብዬ?» አሉና ላጲሱን እያገላበጡ አዩት። «አባት እኮ አንዳንድ ጊዜ ቃል ያጣል።»

ከሁሉም ያስቸገረን የትከሻው የጠብታ ምልክት ነው። በብሩሽ አልለቅ አለ። በመጨረሻ ንጹሕ ጨርቅ ነክሬ ጠብ የሚል እስኪጠፋ ጨመቅሁትና ትከሻውን ሁሉ እኩል አረጠብሁት። አባቴ ደነገጡ።

«ውሃ አይወድም ብለሽኝ አልነበር?»

«ጠርዙ ነው አባዬ የሚታየው። ሁሉም እኩል ከረጠበና እኩል ከደረቀ ጠርዝ አይኖረውም።»

ቅርጹ እንዳይጠፋ ትከሻውን በአሮጌ ጨርቅ ሞላሁና ከጥላ ሰቀልሁት። አባቴ በዚያ ቀን ስንቴ ሄደው እንደዳሰሱት እንጃ። ሲደርቅ ቆዳው ትንሽ ቆርፈድ ብሎ ነበር፤ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ከሩቅ አሳለፍሁትና ቦረሽሁት፤ ጸጉሩ ቀና አለ፤ ልስላሴው ተመለሰ። በግራ ትከሻው ላይ ፈዘዝ ያለ ጥላ ብቻ ቀረ። እናቴ መጥታ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ያለ እንዶድ!» አለች፤ ማመስገኗ ነበር።

የገና ሰሞን ከተማችን ነጭ በለበሱ ተጓዦች ተጥለቀለቀች። ከየአገሩ በእግር የመጡት በየደጁ ያርፋሉ፤ እኛም እንደ ሰፈራችን ሰው ሁሉ በር ላይ ውሃና ሳፋ አስቀምጠን የመንገደኛ እግር እናጥባለን። ወንድሜ የመጣው እናቴ እዚያው ጎንበስ ብላ የአንዲት አሮጊት እግር ስታጥብ ነው። ከአውቶብስ እንደወረደ አቧራ እንደለበሰ ነበር። ሰፊ ሹራብ በሹራብ ደራርቧል፤ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሏል። እናቴ አቅፋ ሳመችው፤ ደጋግማ ሳመችው፤ ከዚያ «የኔ ጌታ፣ አንተም መንገደኛ ነህ» ብላ በግድ አስቀመጠችውና ጫማውን አወለቀችለት።

እግሩን ስታጥብ ወሬዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ ቆመ። እኔ ውሃ እያቀበልሁ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ሾሎ ወጥቷል፤ ተረከዙ ሲሚንቶ እንደበላው ሁሉ ተሰነጣጥቋል። ቀና ብላ ፊቱን አየችውና እግሩን በነጠላዋ አደረቀችለት።

ቤት እንደገባን አባቴ ጃኬቱን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

«ልብስህ» አሉት። «ጠበቅሁልህ ማለት አልችልም። ለብሼዋለሁ። እኔና እኅትህ የቻልነውን ያህል አጽድተነዋል።»

ወንድሜ በጣም ተገረመ። «እርስዎ ለበሱት?» አለ። ኮሌታውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። «እርስዎን እርስዎን ይላል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሹራቦቹን አንድ በአንድ አወለቀና ጃኬቱን ለበሰው።

ሳቁ በሁላችንም ፊት ላይ ደረቀ። ጃኬቱ ተንጠለጠለበት። የትከሻው ስፌት ወደ ክንዱ ወረደ፤ ኮሌታው ከአንገቱ ርቆ ለብቻው ቆመ። ያ ሰፊ ትከሻው ጠፍቷል።

«ሲታጠብ ሰፋ እንዴ?» አለ ሊቀልድ እየሞከረ።

«ጃኬቱ አይደለም» አለች እናቴ። «ልጄ፣ ሥጋህ የት ሄደ?»

ትንሽ ታገለ። የአዲስ አበባ ኑሮ ነው አለ፣ የመንገዱ ድካም ነው አለ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠና ነገረን። ሆቴል ተቀጥሮ አያውቅም። አሳንሰሩም፣ ምንጣፉም በአጠገቡ ሲያልፍ በመስታወት ያየው ነው። የሚሠራው ግንባታ ላይ ነበር፤ ብሎኬትና ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ክረምቱ ላይ ተስቦ ይዞት ብዙ ሰው ባለበት ክፍል ወለል ላይ ተኝቶ ሰነበተ፤ ተነሥቶም መሸከሙን ቀጠለ።

«ለምን አልነገርኸንም?» አልሁት።

«እማዬ ስልክ ላይ እንዴት እንደምትስቅ ትሰሚያለሽ አይደል? እንዴት ብዬ ልንገራት?»

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አባቴ ዝም አሉ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁና ፈራሁ። ነገር ግን ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። በለስላሳው ቆዳ ሥር አጥንቱን እየዳሰሱ እንደነበር ከፊታቸው አየሁ።

«ከበዓሉ በኋላ አትሄድም» አሉት።

«እዚህ ምን እሠራለሁ አባዬ? እንግዳ የለም።»

«እኔ አለሁ» አሉ አባቴ።

ወንድሜ ያን ጊዜ አለቀሰ። ፊቱን በእጅጌው ሊሸፍን ሲል አባቴ ፈጠን ብለው ጋቢያቸውን ሰጡት። «በዚህ ጥረግ» አሉት። «ያንን በስንት መከራ ነው ያጸዳነው።» እያለቀሰ ሳቀ፤ እናቴም ዞር ብላ ሳቀች።

አልሄደም። ጤና ጣቢያ ወስደነው መድኃኒት ጀመረ። እናቴ የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ጭኮ፣ እርጎ እያፈራረቀች ስታበላው ከረመች። ሲበረታ ከአባቴ ጋር ወደ ዋሻው መሄድ ጀመረ፤ ውሃ ይቀዳል፣ ለተጓዦች መንገድ ያሳያል፣ የፈረሰ ደረጃ ይክባል። ማለዳ ማለዳ ጃኬቱ ላይ ክርክር አለ። «አንተ ልበሰው፤ ገና አላገገምህም» ይላሉ አባቴ። «እርስዎ ይልበሱት፤ ዋሻው ይበርዳል» ይላል እሱ። በመጨረሻ እናቴ ፈረደች፦ ተራ በተራ ይለበሳል፤ የለበሰው ሰው ሲመለስ ይቦርሸዋል። በፌስታል ሲቀመጥ እንደሚያልበው ስነግራት ደግሞ ከአሮጌ ነጠላዋ ከረጢት ሰፋችለት። ደጃፉ ላይ አባቴ ጃኬት ሲቦርሹ ያየ ጎረቤት እንደ ድሮው ሊቀልድ ይልና ቄስነታቸው ትዝ ሲለው አንገቱን ደፍቶ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል።

እንግዶች ቀስ እያሉ መምጣት ጀመሩ፤ እንደ ድሮው አይደለም፣ ግን መጡ። ወንድሜም ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድ የዕረፍት ቀኔ ጠበል ልጠጣ ነአኩቶ ለአብ ሄጄ ሳለ ባልና ሚስት እንግዶች ይዞ ደረሰ። አባቴ መስቀሎቹንና የብራና መጽሐፉን አውጥተው ያሳያሉ፤ ወንድሜ ያስተረጉማል። ሴትዮዋ እዚህ ምን ያህል ዘመን እንዳገለገሉ ጠየቀች። አባቴ መለሱላት። ከዚያ መጽሐፉን በጨርቁ እየጠቀለሉ፣

«አንድ ነገር ጨምርላቸው» አሉት።

«ምን ልበላቸው አባዬ?»

«ይኼ ልጄ ነው በላቸው። በልጅነቱ ድምፁ መልካም ነበር፤ እየቆምሁ እሰማው ነበር በላቸው። አሁን ደግሞ ሥራውን አየሁ፤ ይኼም መልካም ነው በላቸው።»

ወንድሜ አፉን ከፈተ። ጥቂት ቃላት ተናገረና ቆመ። እንግዶቹ ይጠብቃሉ።

«ነገርሃቸው?»

«አልጨረስሁም።»

«ጨርስ እንጂ፤ ቆመዋል እኮ ሰዎቹ።»

እኔ ቋንቋቸውን በደንብ አልሰማም። ምን ብሎ እንደጨረሰላቸው አላውቅም። ሴትዮዋ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለአባቴ ጎንበስ አለች፤ አባቴም በመስቀላቸው ባረኳት። እንግዶቹን በባጃጅ ከሸኘን በኋላ ሦስታችንም በእግራችን ወደ ከተማ ተመለስን። አባቴ ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ ስለ ዘንድሮ ገብስና ብልባላ ስላሉት ዘመዶቻችን ያወሩ ነበር፤ ወንድሜም ከጎናቸው እየሄደ ይመልስላቸዋል።